እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚሞቅ ውሃ

ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው እንበል። አንዲት ሴት ሁለት ታክሲ ተሳፍራ፣ አራት ፎቅ በእግሯ ወጥታ የኮንዶሚኒየም ቤቷን ከፍታ ገብታለች። ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጣል አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን አላወለቀችም። ስልኳን አውጥታ ታገላብጣለች፤ የምታየውን ግን ልብ አትለውም። ኩሽና ውስጥ የጠዋቱ ሰሃን ተከምሯል። ውሃው በፈረቃ ስለሆነ ዛሬ ይምጣ አይምጣ አይታወቅም። እራት የለም። ገላዋን ብትታጠብ ቀለል ይላት ነበር፤ ለዚያ ግን መነሳት አለ፣ ጄሪካን ማንሳት አለ፣ ውሃ ማሞቅ አለ፣ ሲያበቃ ደግሞ ወለሉን መወልወል አለ። ስለዚህ እዚያው ተቀምጣለች። አርባ ደቂቃ ያልፋል። በመጨረሻ ጫማዋን እንደታሰረ በእግሯ ገፍታ ትጥልና ከነልብሷ ጋደም ትላለች።

ይህች ሴት ሰነፍ አይደለችም፤ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ነው የዋለችው። ታምማ ቢሆን ኖሮ ጎረቤት «እግዜር ይማርሽ» እያለ በገባ፣ አጥሚትም በቀረበላት ነበር። ወልዳ ቢሆን ገንፎው በተራ በመጣላት። ሰው ቤት በእንግድነት ብትሄድ ደግሞ «አረፍ በይ እንጂ፣ እግርሽን ዘርጊ» ትባል ነበር። እሷ ግን በሽተኛም፣ አራስም፣ እንግዳም አይደለችም። በገዛ ቤቷ የደከማት ጤነኛ ሰው ናት። ለደከመው ሰው የሚሆን ሥርዓት በቤታችን ሞልቷል፤ ችግሩ ለእሷ አለመፈቀዱ ነው።

«ራስን መንከባከብ» ሲባል አዲስ አበባ ላይ ቶሎ ፊት ለፊት ድቅን የሚለው ስቲም፣ ሞሮኮ ባዝ፣ ማሳጅ፣ ጥፍርና ፀጉር ቤት ነው። ኪሱ ለቻለ ሰው መጥፎ ነገር አይደለም። ግን እዚያ ለመድረስ ቀጠሮ መያዝ፣ ታክሲ መጋፋት፣ ወረፋ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የቻለ ሰው መጀመሪያውኑም ያን ያህል አልዛለም። ሐሳቡ ሲጀመር ከሻማና ከቅባት ጋር ዝምድና አልነበረውም። በነርስነት ሙያ ውስጥ አብጠርጥራ ያስቀመጠችው አሜሪካዊቷ ዶርቲያ ኦረም ናት፤ መጽሐፏ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ለእሷ ራስን መንከባከብ ማለት ሰው በሕይወትና በጤና ለመቆየት በየቀኑ ለራሱ የሚያደርገው ተራ ነገር ነው፦ መብላት፣ መጠጣት፣ መታጠብ፣ ማረፍ። ቁም ነገሩ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። የሰውየው አቅም ከሚያስፈልገው በታች ሲወርድ ጉድለቱን ሌላ ሰው ይሞላለታል፤ አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ፣ አንዳንዴ በከፊል፣ አንዳንዴም በማሳየትና በማበረታታት ብቻ።

የአገራችን ሰው ይህን ከማንም መጽሐፍ አልተማረውም። ምስክሩ ሳፋው ነው።

በብዙ የገጠር ቤቶች መንገደኛ ሲመጣ መጀመሪያ ስለ መጣበት ጉዳይ አይጠየቅም። ውሃ ይሞቃል። የቤቱ ልጅ ወይም የቤቱ እመቤት ዝቅ ብላ የእንግዳውን እግር ታጥባለች፤ ተረከዙን ታሻለች፣ በጣቶቹ መሃል የገባውን አፈር ታወጣለች። ሲያበቃ እግሩን የሚስሙም አሉ፤ እንግዳውም ይመርቃል። ጸሎተ ሐሙስ ሲደርስ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ስለዚህ እግር ማጠብ ሲነሳ የሚታወሰን ትሕትና ነው። ነገር ግን ለብ ያለ ውሃ ሰውነት ላይ የሚሠራው የራሱ ሥራ አለው፤ ይህን ደግሞ የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ሳያስቡት አግዘው ጽፈውልናል።

እ.ኤ.አ. በ1999 በባዝል የሚሠሩ ተመራማሪዎች «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት አጭር ጽሑፍ ሰው ቶሎ እንቅልፍ እንዲወስደው ከሚያደርጉ ምልክቶች ሁሉ በላጩ የእጅና የእግር የደም ሥሮች መስፋት መሆኑን ያሳያል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነት ለመተኛት የውስጥ ሙቀቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ አለበት። ሙቀቱን የሚያወጣው ደግሞ በእጅና በእግር ቆዳ በኩል ነው። እግር በሞቀ ውሃ ሲነከር የደም ሥሮቹ ይከፈታሉ፣ ደሙ ወደ ቆዳ ይወርዳል፣ የውስጡ ሙቀት በዚያው ይወጣል። እግሩ የበረደው ሰው ብርድ ልብስ ውስጥ ሲገላበጥ የሚያድረው መውጫው ስለተዘጋበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን የተመራ ቡድን ቀደም ሲል የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመረምር፣ ከመኝታ 1 ወይም 2 ሰዓት በፊት ከ40 እስከ 42 ዲግሪ በሞቀ ውሃ መታጠብ እንቅልፍን በአማካይ በ10 ደቂቃ ያህል እንደሚያፈጥን አገኘ። ለዚህም 10 ደቂቃ መታጠብ በቂ ነው።

አልጋው ጫፍ ላይ ወደተቀመጠችው ሴት እንመለስ። ገላ መታጠብ ዛሬ አቅሟ አይደለም። አንድ ማፍያ ውሃ ማሞቅ ግን ይቻላታል፤ ማፍያው እስኪፈላ መቆም እንኳ አይጠበቅባትም። ሳፋው ውስጥ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን፣ ከዚያ ትኩሱን ትጨምርና እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች እግሯን ትነክራለች። ከፈለገች ጨው ጣል ታደርጋለች፤ ባታደርግም የሚቀርባት ነገር የለም፣ ሥራውን የሚሠራው ሙቀቱ ነው። ስልኩም አብሯት ይቀመጥ፣ በዚህ የሚቆጣት የለም። በዚያው ውሃ ላይ ትንሽ ትኩስ ጨምራ፣ ፊቷን ባይሆንም የእግሯን ባት በጨርቅ ብታሽ ቁርጥማቱ ይለቃታል። ወጪው ግማሽ ጄሪካን የማይሞላ ውሃ ነው፤ በፈረቃ ውሃ ለሚኖር ከተማ ማነሱ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ስለሚችል ሙቀቱን በእግሩ መለካት የለበትም፤ ሐኪሞችም እግሩን እንዲዘፈዝፍ አይመክሩትም። ቶሎ ታጥቦ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ማድረቅ ይበቃዋል።

ከሳፋው ቀጥሎ ሆድ አለ። ሰው ሲዝል የሚሸነፈው ምግብ በማጣት ሳይሆን ምግብ በመሥራት ነው። ሽንኩርት መክተፍና ቁሌት ማቁላላት ለደከመ ሰው ዳገት ነው። ይህን ያወቁ የከተማ ሴቶች ቅዳሜ ቁሌቱን አብዝተው አብስለው ፍሪጅ ያስገባሉ፤ ረቡዕ ማታ ሽሮ ለማንተክተክ አሥር ደቂቃ ይበቃቸዋል። ጥሩ ዘዴ ነው። ግን ቅዳሜ አቅም የነበረው ሰው ዘዴ ነው።

ቅዳሜም ላልነበረው ሰው በሶ አለ። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ከአበበ ጋር አብሮ የሚያውቀው በሶ ከሰነፍ ምግብ ተራ መመደቡ ያሳዝናል። ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይፈልግም። መንገደኛና ዘማች በስንቅነት ይዞት የኖረው ለዚህ ነው፤ አይበላሽም፣ አይከብድም፣ ውሃ ባለበት ሁሉ ምግብ ይሆናል። ሁለት ሦስት ማንኪያ በሶ ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ፣ በጥቂት ውሃ አላቁጦ፣ ከዚያ ውሃውን ሞልቶ ማርም ስኳርም ጨምሮ መበጥበጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጨው ወዳዱ በጨውና በዘይት፣ ፍስክ ከሆነ በቅቤና በበርበሬ አሽቶ ይጎርሰዋል። ገብስ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የተባለው አሰር ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ስለሚያዘገየው፣ በሶ የበላ ሰው ብስኩት እንደበላ ሰው ቶሎ አይርበውም። በሶ ለማይወድ ደግሞ የቲማቲም ፍትፍት አለ። የትናንት እንጀራ፣ አንድ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ዘይት፣ ጨው። ሽንኩርቱና ቃሪያው ይቅር፤ ፍትፍቱ ያለ እነሱም ፍትፍት ነው።

ቡና ላይ ስንደርስ ነገሩ ይወሳሰባል።

በዚህ አገር ድካም ሲነሳ መድኃኒቱ ቡና ነው፤ ቤቱም የሚሰበሰበው ለቡና ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ የሚቀመጡበት ሰዓት ብቻውን ዕረፍት ነው። ይህን የሚነቅፍ ሰው የለም። ካፌይን ግን ድካምን አያወጣም፤ ይሸፍነዋል። ሰው ነቅቶ በቆየ ቁጥር አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ የሚያስተኛን እሱ ነው። ካፌይን የአዴኖሲንን መቀመጫ ቀድሞ ይይዝበታል። አዴኖሲኑ ግን የትም አልሄደም። ካፌይኑ ደግሞ ቶሎ አይለቅም፤ ከጠጡት ግማሹ ከደም ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የወሊድ መከላከያ እንክብል በምትወስድ ወይም ነፍሰ ጡር በሆነች ሴት ላይ ከዚህም ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት 400 ሚሊግራም ካፌይን የወሰዱ ሰዎች ከ1 ሰዓት በላይ እንቅልፍ እንዳጡ አሳይቷል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በደንብ የተጠጣ ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይም ገና አልሄደም ማለት ነው። በማግስቱ የሚመጣው ድካም ሌላ ቡና ያስጠራል፤ እንዲህ እያለ ይዞራል።

ሁለተኛው ጣጣ ብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከዚያ ምግብ የሚወስደውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደሚቀንሱ ለካ። ይበልጥ የሚያስገርመው ሰዓቱ ነው። ቡናው ከምግቡ 1 ሰዓት ቀድሞ ከተጠጣ ጉዳት የለውም፤ ከምግብ 1 ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣ ግን ከምግብ ጋር እንደተጠጣ ያህል ነው። እኛ ደግሞ ቡና የምናፈላው ከምሳ በኋላ ነው። «ጤፍ ብረት አለው» የሚለው መጽናኛም ሙሉ አይደለም፤ ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ የተቀላቀለ አፈር መሆኑን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ የኢትዮጵያ ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ከአራት ሴቶች አንዷ ማለት ይቻላል። የደም ማነስ ራሱ ያደክማልና እነዚህን ሴቶች «አይዞሽ፣ ትንሽ እረፊ» ማለት ምክር አይደለም። የሄሞግሎቢን ምርመራ ጤና ጣቢያ ውስጥ በአንዲት የደም ጠብታ የሚሠራ ነገር ነው።

የአቅምን ነገር በምሳሌ ካስረዱ ሰዎች አንዷ ክሪስቲን ሚዘራንዲኖ የተባለች አሜሪካዊት ናት። ሉፐስ የተባለ ሥር የሰደደ ሕመም አለባት። አንድ ቀን ምግብ ቤት ተቀምጠው ጓደኛዋ «ታሞ መኖር እንዴት ነው?» ብላ ስትጠይቃት ከየጠረጴዛው 12 ማንኪያ ሰብስባ ሰጠቻት፤ ይህ የዛሬ አቅምሽ ነው አለቻት። ከአልጋ መነሳት አንድ ማንኪያ፣ መታጠብ አንድ፣ ልብስ መልበስ አንድ እያለች ትወስድባት ጀመር። እራት ሲደርስ የቀረችው አንዲት ማንኪያ ብቻ ነበረች። ይህን በጽሑፍ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ምሳሌው ለበሽተኛ የተነገረ ነው፤ ጤነኛ የደከመው ሰው ሙሉውን ቢወስደው ነገሩን ማቅለል ይሆናል። አንድ ጠቃሚ ጥያቄ ግን ይተውለታል፦ ዛሬ ማታ የቀረችው ማንኪያ አንዲት ብትሆን ለሰሃኑ ትሂድ ወይስ ለራስ?

ሰሃኑ ተዘፍዝፎ ይደር። እናት ብታይ ትቆጣ ይሆናል፤ ሰሃኑ ግን አይሞትም።

ለራስ በቀረችው ማንኪያ የሚደረገው ደግሞ ግማሽ ሥራ ቢሆንም ሥራ ነው። ነርሶች ከአልጋ መነሳት የማይችል ታማሚን የሚያጥቡት በሳፋ ውሃና በጨርቅ ነው፤ ፊት፣ አንገት፣ ብብት፣ ከዚያ ሌላው። ሆስፒታል ውስጥ ይህ ሕክምና ተብሎ ይሠራል፤ ቤት ውስጥ ሲሆን «አልታጠብኩም» ይባላል። ጥርስ ለመቦረሽ መታጠቢያ ቤት መሄድ የከበደው ሰው መፋቂያውን ትራስጌው ቢያስቀምጥ ጋደም ብሎ ይፍቃል። በድብርት ሕክምና ባለሙያዎች ዘንድ ለዚህ የሚቀርብ አሠራር አለ፤ ስሜት እስኪመጣ አትጠብቅ፣ ትንሹን ነገር አድርግ፣ ስሜቱ ተከትሎ ይመጣል የሚል። እ.ኤ.አ. በ2016 «ላንሴት» ላይ የወጣ የእንግሊዝ ጥናት 440 ታማሚዎችን ሁለት ቦታ ከፍሎ ሲያወዳድር፣ ይህ ቀላል አሠራር ውስብስብ ከሆነው የንግግር ሕክምና እንደማያንስ አረጋግጧል። ልብ ማለት የሚገባው ግን ሕክምና መሆኑን ነው፤ የሚመራ ባለሙያ ነበረው። ምንም ነገር ደስ የማይለው፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ የተዛባበት፣ ይህም 2 ሳምንት ያለፈው ሰው ሳፋና በሶ ይዞ ቤቱ መቀመጥ የለበትም። 2 ሳምንት የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብና መክሳት ያለበትም እንዲሁ፤ የእሱ ድካም የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል።

ብዙ አቅም የማይጠይቅ ሌላው እንክብካቤ ፀሐይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ የተማሪዎች ደም ተመርምሮ የወጣ ጥናት አለ፤ ርዕሱ ራሱ ኢትዮጵያን «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር» ይላታል። ከልጆቹ 42 በመቶው የቫይታሚን ዲ እጥረት ነበረባቸው፤ በከተማው 62 በመቶ ገደማ፣ በገጠሩ 21። ለልዩነቱ ቤት ውስጥ መዋል አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ መሞቅ የሽማግሌ ሥራ ይመስላል። የጠዋት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል፤ ለቫይታሚኑ ግን ፀሐይዋ ትንሽ ከፍ ማለት አለባት፣ ክንድና እግርም መገለጥ አለበት። ለሕፃን ይህን የማያውቅ ቤት የለም። ቅባት ተቀብቶ በየማለዳው ደጅ ይወጣል። ያወጣችው እናት ግን ጥላ ውስጥ ቆማ ሽንት ጨርቅ ታሰጣለች።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። አራስ ቤት የደከመን ሰው ስለመንከባከብ የሚታወቀው ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኝበት ቦታ ነው። የተወለደው ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን፣ እስከ ክርስትናው ድረስ አራሷ ጋደም ትላለች፤ ሌላው ይሠራል። የሚበላው ለስላሳ፣ የሚጠጣው ትኩስ ነው፤ ገላዋን የሚያጥቧት አሉ፤ ለምን ተኛሽ የሚላት የለም። ሕጉም ዘግየት ብሎ ተከትሎታል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ይሰጣል። ይኸው አዋጅ የሳምንት ሥራን በ48 ሰዓት ይገድባል፣ በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ዕረፍትም ያዛል። ሊጡን፣ ጄሪካኑን፣ ሰሃኑን ግን የሚቆጥር አዋጅ የለም። እሑድ ለብዙ ሴት ልብስ የሚታጠብበት ቀን ነው። እግር ማጠቡም ቢሆን በጥሞና ሲታይ አንድ ጉድለት አለው። ባል ከእርሻ ሲመለስ እግሩን የምታጥበው ሚስት ነበረች፤ እሷም ከንጋት ጀምራ ውሃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም፣ ስትጋግር ነው የዋለችው። ልማዱ የእሷን ተራ አልጻፈውም።

አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠችው ሴት ስትጠየቅ «ምን ሆንኩና» ማለቷ አይቀርም። ለራሷ ውሃ ማሞቅ ቅንጦት ይመስላታል፤ ለእንግዳ ቢሆን ሳትጠየቅ ታሞቀው ነበር። ብቻዋን የምትኖር ከሆነ ራሷን እንደ እንግዳ መቁጠር ይኖርባታል፤ መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፣ ይለመዳል። ብቻዋን ካልሆነች ግን ጉዳዩ የእሷ ብቻ አይደለም። ሳሎን ውስጥ ኳስ የሚያይ ባል፣ ስልክ የያዘ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ካለ፣ ማፍያውን መጣድ ያውቃሉ። ሳፋው መታጠቢያ ቤት በር ኋላ ነው ያለው። ዛሬ ማታ ያምጡት።